ስድስቱ ጉቶ

«በእኔ ይሁን» ያልኩት ሳላስበው ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ገበሬዎች ከበውኛል። እጄ ላይ አዲስ መጋዝ አለ። አንድ ሽማግሌ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ያቺ ቃል ከአፌ አመለጠች።

በአማርኛ እንደ «በእኔ ይሁን» በነጻ የሚታደል ቃል ያለ አይመስለኝም። ሻጭ ለገዢ ይለዋል። ደላላ ለተከራይ ይለዋል። እናቶቻችን ደግሞ «ብላ፣ አያምህም፣ በእኔ ይሁን» ይላሉ። ቢያመውስ? ለሆድ ቁርጠት ካሳ የተከፈለው ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም እንደዚያው ቀለል አድርጌ ነው ያልኩት። የሰሙኝ ሰው ግን ቀለል አድርገው አልሰሙትም።

## የካቲት 2013

ያኔ ጌዴኦ ውስጥ፣ ከይርጋጨፌ አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ የአንድ ፕሮጀክት አሠልጣኝ ነበርኩ። ሥራዬ ገበሬዎች ያረጀ ቡናቸውን እንዲጎነድሉ ማሳመን ነው። ቡና መጠጣት እንጂ መትከል ላልደረሳችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። የቡና ዛፍ ሲያረጅ ቁመቱ ይረዝማል፣ እንጨቱ ይበዛል፣ ፍሬው ያንሳል። ያለችውም ፍሬ ጫፍ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ለለቃሚ ታስቸግራለች። ታዲያ ለቀማው ሲያልቅ፣ በበጋው፣ ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ትቶ መቁረጥ ነው። አቆራረጡ ሰያፍ መሆን አለበት። ያለዚያ ዝናቡ ጉቶው ላይ ይተኛና ያበሰብሰዋል። ዝናብ ሲገባ ከጉቶው ብዙ ቡቃያ ያቆጠቁጣል። ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ሦስቱን ትቶ ሌላውን ማስወገድ። አዲስ ችግኝ ተክሎ ከመጠበቅ ይህ ይፈጥናል። ሥሩ እኮ እዚያው አለ፤ መሬቱን ያውቀዋል።

እዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ችግሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የተጎነደለ ቡና በመጀመሪያው መኸር ምንም አይሰጥም። በሁለተኛው ቢሰጥ ለቅምሻ ነው። ደህና ምርት የሚታየው በሦስተኛው ነው። በሥልጠናችን ይህን «ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የምናልፈው። የአቆራረጡን ማዕዘን ለማስረዳት ግን ግማሽ ሰዓት እንወስዳለን።

ለሠርቶ ማሳያ የተመረጠው የአንድ ሽማግሌ ጓሮ ነበር። አባባ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን እዚህ አላወጣም። አማርኛቸውን የለመዱት ውትድርና ላይ ስለሆነ ንግግራቸው እንደ ትእዛዝ አጭር ነው። ጓሯቸውን ያየ አይረሳውም። እንሰቱ ቤቱን ተጠግቶ፣ ቡናው ቀጥሎ፣ ከላይ ብርብራና ዋንዛው ጥላቸውን ጥለው። የጌዴኦ ሰው እንዲህ አድርጎ መሬት ሲይዝ ስንት ትውልድ አልፏል። መስከረም 2016 ላይ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ እንግዲህ ስለ ዘላቂ አመራረት ላስተምር የሄድኩት እዚያ ነው። በሦስት ቀን ሥልጠናና በአንድ ቲሸርት።

ቡናውን የተከሉት የአባባ አባት ነበሩ። እኔ ስለ ማዕዘኑ ተናግሬ ስጨርስ አባባ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ደሞዝ አለሽ?»

«አለኝ አባባ።»

«በየወሩ ነው?»

«በየወሩ።»

«እዚህ እኛ ጋ ስትመጪስ?»

«አበል አለ።»

እዚህ ላይ ነው ሳቁ የጀመረው።

«ጥሩ ነው። እኔን ግን ሁለት ዓመት ያለ ደሞዝ ሥራ፣ በሦስተኛው እጥፍ ይሆንልሃል ነው የምትዪኝ። አንቺ ብትሆኚ እሺ ትያለሽ?»

የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ስለ ምርታማነት የሚያወራ፣ በመቶኛ የተሞላ መልስ። እሱን አነበነብኩት። አባባ በትዕግሥት ሰምተው ጨረሱና «ባይበቅልስ?» አሉኝ።

«ይበቅላል።»

«ባይበቅል?»

«በእኔ ይሁን አባባ!»

አባባ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። አማርኛ ለማይሰሙት ቃሌን በጌዴኦኛ ደገሙላቸው። ያኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ምስክር እያስቆጠሩብኝ ነበር። ከዚያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው መጋዙን ከእጄ ተቀበሉ። የምትመነጠረው ቡና ፊት ለፊት ቆማ ይህን ተረት መተረት የአባባ ዓይነት ሰው ይጠይቃል።

የመጀመሪያዋን ራሳቸው ቆረጡ። መጋዙ ሲገባ እንጨቱ ነጭ ዱቄት ይተፋል። ዛፏ ወዲያው አትወድቅም፤ ትንሽ ቆማ ታስባለች። የዚያን ቀን 40 ዛፍ ተጎነደለ። ከቤቱ ራቅ ያለው የመጨረሻው መደዳ ነው። ባለቤታቸው እማማ ደጃፉ ላይ ቅርጫት ታቅፈው ቆመው ያዩ ነበር። ምንም አላሉም። እኔም ምንም አልጠየቅኋቸውም። የሥልጠና መዝገቤ ላይ «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ስለነበረው ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ወደ ማብቂያው ላይ መኪናው ይጠብቀን ነበር። ሹፌሩ ጡሩንባ እየነፋ ነው። መንገዱ ጭቃ ሳይሆን መውጣት አለብን። የመጨረሻዎቹን ዛፎች ወጣቶቹ በገጀራ ጨረሷቸው። ግንዱ ሲሰነጠቅና ልጡ እስከ ሥር ሲላጥ አይቻለሁ። «ተዉ፣ በመጋዝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ማታ ሪፖርቱ ላይ «40 ዛፍ ተጎንድሏል» ብዬ ጻፍኩ።

## ፕሮጀክቱ ቀድሞ አረጀ

ውሌ የ11 ወር ነበር። ጥር 2014 ላይ አለቀ። አልታደሰም፤ ፕሮጀክቱም ተዘጋ። የአባባ ጉቶዎች ገና ክንድ የምታህል ቡቃያ ላይ ነበሩ። የመጀመሪያው ባዶ መኸር አልፎ ሁለተኛው ሊመጣ ነው። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ሌላ ሥራ ጀመርኩ።

የመዝጊያ ሪፖርታችን ጥሩ ነበር። ምን ያህል ገበሬ እንደሠለጠነ፣ ምን ያህል ዛፍ እንደተቆረጠ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ስንቱ እንደበቀለ የሚል ዓምድ አልነበረውም። ሊኖረውም አይችልም፤ ቡናው ሦስት ዓመት ይፈልጋል፣ እኛ ዓመት አልሞላንም።

አንዳንድ ቀን ቡና እየጠጣሁ «በእኔ ይሁን» ትመጣብኛለች። ስልክ አለመደወሌን ለራሴ አስረዳለሁ። ኔትወርክ የለም። ሥራ በዛብኝ። እውነቱ ሌላ ነው። ደውዬ «ደርቋል» ቢሉኝ ምን እላለሁ? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላል የአገሬ ሰው። እኔ እንጨቱን ሰድጄ አውቶቡስ ነው የተሳፈርኩት።

## የካካዎው ልጅ

በ2015 አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሥልጠና ላይ ከጋና የመጣ ባልደረባ አጠገቤ ተቀመጠ። የካካዎ ባለሙያ ነው። ካካዎ ማለት ቸኮሌት የሚሠራበት ፍሬ ነው። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከሁለት አገሮች ነው፤ ከአይቮሪ ኮስትና ከእነሱ ከጋና። ሻይ ሰዓት ላይ የእኔን የጉንደላ ታሪክ እንደ ቀልድ አወራሁለት። አልሳቀም። «እኛ ጋ በዚህ ምክንያት መንግሥት ተናግቷል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936፣ ጋና ገና ጎልድ ኮስት እየተባለች በእንግሊዝ ቅኝ ስትገዛ፣ ካካዎ ላይ አንድ በሽታ ተገኘ። ቅርንጫፉንና ሥሩን ያሳብጠዋል፣ ቆይቶም ዛፉን ይገድለዋል። በኋላ ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል ትንሽ ነጭ ተባይ ናት ከዛፍ ዛፍ የምታዞረው። መድኃኒት የለውም። መፍትሔው መቁረጥ ብቻ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሳይንሱ ትክክል ነበር። ይህን አስምሩልኝ። ግን የታመመው ዛፍ ወዲያው አይሞትም፤ ለተወሰነ ጊዜ ፍሬ ይሰጣል። ገበሬው የሚያየው ፍሬ ያንጠለጠለ ዛፍ ነው። የቅኝ መንግሥቱ ቆራጮች ደግሞ ይመጡና ያንን ዛፍ ይጥሉታል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ማብቂያ ቆረጣው በግዴታ ሆነ። ገበሬው ይህ ሁሉ እርሻውን ሊነጥቁት የተሸረበ ነገር ነው ብሎ ጠረጠረ። ቢጠረጥር ይፈረድበታል? እ.ኤ.አ. በየካቲት 1948 አክራ ላይ ረብሻ ሲነሳ፣ ምክንያቱን ሊያጣራ የተላከው ኮሚሽን ከመዘገባቸው ቅሬታዎች አንዱ ይኸው የካካዎ ቆረጣ ነበር። ያ ምሬት ነው በኋላ ለእነ ንክሩማ የነጻነት ትግል ጉልበት ከሆኑት ነገሮች አንዱ።

«አሁንስ?» አልኩት።

አሁንማ የጋና ካካዎ ቦርድ የታመመውን እርሻ ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ መልሶ ይተክላል፣ ችግኙ እስኪጠና ጥላ እንዲሆነው በመካከሉ የሙዝ ዘመድ ይተክልበታል። ለገበሬው ካሳ ይከፍላል። መሬቱ የሌላ ሰው ከሆነ ለባለመሬቱም ለአራሹም ይከፍላል። «ታዲያ ሁሉም እሺ ይላሉ ማለት ነው?» አልኩት። ሳቀ። «ካሳው ይዘገያል፣ ያንሳል ይላሉ። ግን ቢያንስ ጭቅጭቁ ስለ ገንዘቡ ሆኗል።»

ይህቺን ነገር ይዤ ነው የዚያን ቀን ቤቴ የገባሁት። ከአክራ እስከ ይርጋጨፌ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው? ጥያቄው ግን የአባባ ጥያቄ ነው። ቃል በቃል። እነዚያ ገበሬዎች በሽታው ያልገባቸው መስሎት ስንት ባለሙያ ስለ ቫይረሱ አስተምሯቸው ይሆን? እኔ አባባን ስለ ማዕዘን እንዳስተማርኳቸው።

## ለውጥ የሚፈራው ማነው?

በእኛ ሙያ አንድ የተለመደ ወግ አለ። ገበሬ ለውጥ ይፈራል፣ አመለካከቱ መቀየር አለበት ይባላል። ስብሰባ ላይ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቅንቄያለሁ።

ሐረርጌን እንይ እስቲ። ስሙ በዓለም የታወቀ ቡና የነበረው ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ከጉንደላ የበለጠ ለውጥ ነው፤ ከሥሩ ነው የነቀለው። ማንም ሥልጠና አልሰጠውም። ቲሸርትም አላደለውም። ሲዳማም ውስጥ ጫቱ ቡናውን እየገፋ ነው። ለምን? ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ በእጅ ነው። ቡና ግን ዓመት ጠብቆ አንዴ፤ ያውም ዋጋው ኒውዮርክ ላይ የተወሰነ። ገበሬው ለውጥ አልፈራም። ባዶ መኸርን ነው የፈራው። እኔ ደሞዜ ለአሥር ቀን ሲዘገይ የማደርገውን አውቃለሁ። ለሰው ሁሉ እደውላለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡናና ካካዎ እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ተግባራዊነቱ ቢራዘምም ዝግጅቱ ቀጥሏል። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በስልክ ይለካል። ሐሳቡ ላይ ጠብ የለኝም። ግን ስልክ የያዘ ሰው ጓሮውን ሲዞር የሚያይ ገበሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ደን አይደለም። «ግብር ሊጨምሩብን ነው?» ነው የሚለው። ብርብራና ዋንዛውን ከአያቱ ጀምሮ ጠብቆ ያቆየ ሰው ደን አለመመንጠሩን ማስረጃ አምጣ ይባላል። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ደስ ይላል። ከዚያ ውስጥ የአባባን ሁለት ባዶ መኸር የምትሞላ ሳንቲም ስትመደብ ግን እኔ አላየሁም።

ይህን ስል ጉንደላ አይበጅም እያልኩ አይደለም። ይበጃል። ሁሉን በአንዴ ከመቁረጥ በየዓመቱ ሩቡን ወይም ሲሶውን እያሉ መሄድ ይቻላል፤ የቀረው ቤቱን ያኖራል። ጉቶው መካከል ብርሃን ስለሚገባ ቦለቄ መዝራት ይቻላል። የተቆረጠው ግንድ ማገዶ ሆኖ ይሸጣል። ይህ ሁሉ መጽሐፋችን ውስጥ ነበር። የነበረው ግን መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። መኪናው ጡሩንባ በሚነፋበት ሰዓት ላይ።

## ኅዳር 2016

ዲላ የዘመድ ሠርግ ነበረ። በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ልመለስ አስቤያለሁ።

የለቀማ ሰሞን ነው። በየቤቱ ደጅ ጀንፈል ተሰጥቷል፣ መንገዱ ዳር ሰብሳቢዎች ሚዛን ሰቅለው እሸት ቡና ይገዛሉ። አባባ ደጃቸው ላይ ነበሩ። ትንሽ ጎብጠዋል። አይተውኝ አልደነገጡም።

«መጣሽ» አሉኝ። ብቻ።

እማማ ቆጮ በጎመን አቀረቡ። በልተን ሳንጨርስ አባባ ተነሱና «ነይ» አሉኝ። ወደ መጨረሻው መደዳ ሄድን። ልቤ ይመታል።

ያ መደዳ ቀይ ሆኗል። ሰው ቆሞ የሚለቅመው ቁመት ላይ፣ ቅርንጫፉ በእሸት ብዛት ጎብጦ። እንባዬ መጣ። አባባ ግን ለእንባ ጊዜ አልሰጡኝም። በጣታቸው እየቆጠሩ ሄዱ። 34 በቅለዋል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውንም መደዳ ባለፈው ዓመት ራሳቸው ጎንድለውታል፤ ሁሉንም በመጋዝ፣ ሁሉንም ሰያፍ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ በዓይናቸው አይተው ነው የቀጠሉት። ጎረቤቶቹስ? ሁለቱ ጀምረዋል። ሌሎቹ አሁንም ያያሉ።

መጨረሻው ላይ ስንደርስ ቆሙ። ስድስት ጉቶ። ጥቁር፣ የተሰነጠቀ፣ ልጡ የተላጠ። በገጀራ የተቆረጡት ናቸው። አባባ አልነቀሏቸውም። አጠገባቸው እንሰት ተክለውባቸዋል፣ ጉቶዎቹን ግን እንዳሉ ትተዋቸዋል።

«እነዚህ ስድስቱ ያንቺ ናቸው» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

ቤት ተመልሰን ተቀመጥን። «እናስላው አባባ» አልኩ። ከልቤ ነበር። አባባ አስተያየታቸው እንደሚያሾፍ ሆነ፣ ግን ማስላቱን አልጠሉትም። ያረጀ ዛፍ በዓመት ሁለት ኪሎ እሸት ይሰጣል እንበል። ስድስቱ አሥራ ሁለት ኪሎ። በዘንድሮ ዋጋ አባዛሁት። ስልኬ ላይ የወጣውን ቁጥር ሳየው አፈርኩ። ከሁለት ቀን የመስክ አበሌ አይበልጥም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር፣ ስልክ ላለመደወል ስንት ሰበብ የደረደርኩበት ነገር፣ ይህ ነው።

ብሩን አውጥቼ ዘረጋሁ። አባባ ሳቁና እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። «ተይ ልጄ፣ ጨዋታ ነው። አትቀልጂ።» እኔም ልመልሰው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሳስበው ግን አባባ መቼም ከልባቸው ያልሆነ ነገር ሲቆጥሩ አይቻቸው አላውቅም።

እማማ ጥግ ላይ ቡና እየወቀጡ ነበር። ሙቀጫውን አስቀመጡ። ያኔ ነው መጀመሪያ ድምፃቸውን የሰማሁት። በተሰባበረ አማርኛ፣ እየቆሙ፣ ከዛፉ ሥር የሚወድቀው የእሳቸው እንደነበር ነገሩኝ። ለቃሚ ያለፈውን፣ መሬት የነካውን እየሰበሰቡ አድርቀው ይሸጡታል። ጨውና ሳሙና ከዚያ ነው የሚገዛው። የልጆቹ ደብተርም። ያ መደዳ ሲቆረጥ ሁለት ዓመት ከሥሩ የሚለቀም አልነበረም። ለካ ያን ቀን ቅርጫት ታቅፈው የቆሙት ለዚህ ነው።

እጃቸውን ዘረጉ። ብሩን ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ ቆጠሩት፣ መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«የሁለተኛው ዓመትስ?» አሉኝ።